ስሜ የተጻፈበት ወንበር

ነይ ግቢ ዊዳድዬ፣ በሩ ላይ አትቁሚ… ይሄ የደሴ ጉም ሽማግሌ ወጣት አይለይም። ጫማሽን ተይው፣ መጋዘን ነው እንጂ ሳሎን መሰለሽ እንዴ? ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮብሻል! ኮምቦልቻ ወርደሽ ሥራ ከጀመርሽ ወዲህ ፊትሽ ሙቀት አግኝቷል። እኛማ እዚህ ላይ በጉልበታችን እየተነበይን ነው የምንኖረው፤ የኔ ጉልበት ዛሬ ከሰዓት ይዘንባል ብሏል።

አክስትሽ ደህና ናት? ልጆቿስ? አልሃምዱሊላህ።

ወንበር ነው የፈለግሽው? ለእሑዱ የእድር ስብሰባ… መቶ ሃያ። ያሉኝን ሁሉ ማለትሽ ነው። እህ! አክስትሽ ለእድሩ ሊቀመንበርነት ልትወዳደር ነው በይኛ! መልእክትም ልካለች? "የሰፈሩ ሴቶች ፋኢዛን ይሰሟታል፤ ድምጿን ትስጠኝ፣ ሁለት ቃልም ትናገርልኝ" አለች? ኧረ ምን ገዶኝ! እኔ እኮ ስለ ምርጫ የማላውቀው ነገር ቢኖር ማሸነፍን ብቻ ነው።

በይ ቁጭ በይ፣ አይሱዙው እስኪመጣ ላጫውትሽ። ስለ አክስትሽ አይደለም የማወራሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሌላ ወዳጅ አለችኝ፤ አታውቂያትም። ስሟን አልጠራም፤ ስም ጠርቶ ማማት ሀራም ነው። ስም ሳይጠሩ ማመስገንን ግን ማን ከለከለ?

ይቺ ወዳጄ… ያ ረቢ፣ ውለታዋ ተነግሮ አያልቅም! ከኩታበር ደሴ ስገባ ፊደል አላውቅም ነበር። አግብቼ፣ ሁለት ወልጄ፣ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። እሷ ናት ደብተር ገዝታ፣ እጄን በእጇ ይዛ ያስተማረችኝ። ሰው በ"ሀ" ይጀምራል፤ እኔን ስሜን እንድጽፍ ብላ በ"ፋ" አስጀመረችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ድንኳንና ወንበር ማከራየት ስጀምር በየወንበሩ ጀርባ ላይ በገዛ እጄ፣ በቀይ ቀለም ጻፍኩት። ያውልሽ፣ እዪው፤ "ፋኢዛ"። "ኢ" ላይ ትንሽ ዘንበል ይላል… አስተማሪዬም ወደ ነፈሰበት ዘንበል የምትል ነበረች፣ ከሷ ወስጄው ይሆናል።

እና ያኔ በምርጫው ሰሞን መጣችና "ፋኢዛ፣ ለክልል ምክር ቤት ተወዳደሪ" አለችኝ።

"ኧረ በአላህ! እኔና ምክር ቤት ምን አገናኘን?"

"ከሸዋበር እስከ ሆጤ ድንኳን ያልተከልሽበት ደጅ አለ? ሙሽራው ያውቅሻል፣ ሐዘንተኛው ያውቅሻል። አንቺ ካልተመረጥሽ ማን ይመረጣል?"

ሌላ ሰው ቢሰማው ይስቃል፤ እኔ አመንኩ። ሞኝ ምክር አይሰማም የሚሉት ውሸት ነው፤ የሚጥመውን ምክርማ ከማንም ቀድሞ ይሰማል። እሷ ከግቢው ሳትወጣ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር። በግሌ ተመዘገብኩ፤ ምልክቴ ጃንጥላ። ምልክቱንም የመረጠችልኝ እሷ ናት፤ "ደሴ መቼም ዝናብ አያጣትም" ብላ። እውነቷን ነው… ጃንጥላ ሲዘንብ የማይፈልገው የለም። ሲያባራ ነው የት እንደተረሳ የሚጠፋው።

ንግግር የምለማመደው እዚሁ ለወንበሮቹ ነበር። መቶ ሃያ ወንበር ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል፤ አንድ የሚያጉረመርም የለም። እኔም "ሕዝቡ ወደደኝ" እላለሁ።

ደግሞ ተሳካልኝ እኮ! የባጃጅ ሹፌሩ "ክብርት፣ ከእርስዎማ ሂሳብ አልቀበልም" ይለኛል። ለሠርግ ወሊማ ስጠራ ፊት ለፊት ያስቀምጡኛል፤ በገዛ ወንበሬ ላይ፣ ትልቅ ስጦታ እንደሰጡኝ ሁሉ። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ የጠራነው ስብሰባማ አይጣል! ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው ቆመ። ወዳጄ ማይክራፎኑን ይዛ "እናታችን! እናታችን ፋኢዛ!" ስትል ሰፈሩ ተናወጠ። በእርግጥ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች… ግን ፍቅር ዕድሜ ይቆጥራል እንዴ?

እኔም እንደ ሊጥ ኩፍ አልኩ፤ አልዋሽሽም። ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። አረማመዴ ሳይቀር ተለወጠ፤ ጉልበቴን እያመመኝ ቀስ የምለውን ሰዉ ክብር መሰለው፣ እኔም አላረምኩትም። ባሌ ሙሄዲን አንድ ቀን ቢላ ይዞ በር ላይ ቆመና "ክብርት ሆይ፣ ድንቹን ልላጥ ወይስ ቀጠሮ ልያዝ?" አለኝ። ተቆጣሁት። አሁን ሳስበው በዚያ ሁሉ ዘመቻ ቁም ነገር የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

እዚያው በርበሬ ወንዝ ላይ የሆነ ነገር ልንገርሽ። ንግግሬን እሷ ጽፋ ሰጥታኛለች። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ዓይኔ ላይ ጉም ወረደ፤ ስንት ዓመት የለቀምኩት ፊደል ባንዴ ተበተነ። በቃሌ ተወጣሁት፤ ተጨበጨበልኝ። ስወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ወረቀቱን ዘቅዝቀሽ ነበር የያዝሽው። አብሽሪ፣ ከኔ በቀር ያየ የለም" አለችኝ። ተቃቅፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ምስጢር የሚጠብቅ ወዳጅ እንዴት ያለ ጸጋ መሰለሽ! እስኪፈለግ ድረስ አንዲት ነገር ሳታጎድል ነው የምታስቀምጠው።

ከዚያ ሬዲዮ ተጠራሁ። ጋዜጠኛው በትሕትና "ለውሃው ችግር ምን አስበዋል?" አለኝ። ሦስት ቀን ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፤ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ በጀቱ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ "እኔ እንኳ በርሜል አለኝ" አልኩት! ወላሂ ይሄንኑ ነው ያልኩት። ውሃው ስለሚጠፋ እኔም እንደናንተው በርሜል ሞልቼ ነው የምኖረው ለማለት ነበር። ማን ቆሞ ይሰማሽ? በማግስቱ የሰው ስልክ ሁሉ በኔ ድምፅ "በርሜል አለኝ" ይላል። ያ የባጃጅ ሹፌር ከባጃጁ ስወርድ "በርሜል፣ ሂሳብ!" አለኝ።

ወዳጄም በዚያው ሳምንት ጉሮሮዋን ታመመች። "ፋኢዛ፣ ድምፄ ተዘጋ፤ ማይክ መያዝ አልችልም" አለችኝ በሹክሹክታ። አንጀቴን በላችው፤ የኩታበር ማር ላኩላት።

ሳምንት ሳይሞላት ድና መጣች፣ ወንበር ልትከራይ። ለማን አትዪም? ለሌላው ተወዳዳሪ። እኔ ስወርድ እሱ ሽቅብ ይወጣል፤ ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ እንደሚተላለፉ መኪኖች። "ንግድና ፖለቲካ አይገናኝም፤ አንቺ እኮ ትልቅ ሰው ነሽ" አለችኝ። ትልቅ ሰው ስባል መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? አከራየኋት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ… ከኔ ደጃፍ ወንበር ተጫነ። ያውም እንዳይሰበርብኝ ብዬ እኔው አብሬ ኮምቦልቻ ወርጄ አደረስኩ።

ከድንኳኑ በስተኋላ ቆምኩ። ጉሮሮዋ እንዴት ጠርቷል! "አባታችን! አባታችን!" ትላለች። ሰውዬው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ማሩ ሠራ አልኩ በልቤ። ቀጠለችና "ወገኖቼ፣ ወረቀት ዘቅዝቃ የምታነብ ሰው ናት እኛን የምትወክለው? እጇን ይዤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ገና 'ፐ' ላይ አልደረሰችም!" አለች። ሰዉ ወንበሩ ላይ ተንፈራግጦ ሳቀ። እኔ ከኋላ ስለሆንኩ የሰው ፊት አይታየኝም፤ የሚታየኝ የወንበሩ ጀርባ ነው… ፋኢዛ፣ ፋኢዛ፣ ፋኢዛ፣ እስከ ፊተኛው ረድፍ ድረስ። በሳቁ ልክ ስሜ ይነቃነቃል።

ምን አደረግሽ አትዪኝም? ምንም። ሲበተኑ ወንበሬን ሰብስቤ ጫንኩ። ሀረጎን ስንወጣ ሹፌሩ አየት አደረገኝና "እትዬ፣ አቧራ ገባብዎት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። መስኮቱ ዝግ ነበር… እሱም አላህ ይስጠው፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ደሞ እኮ ውሸት አልተናገረችም! ዘቅዝቄ ነው የያዝኩት። ሌላው ሰው በውሸት ነው የሚያማሽ፤ የኔዋ ግን እውነተኛ ናት፣ እንዲያውም ማስረጃውን ያዘጋጀችው በገዛ እጇ ነው።

ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። መነጽሬን አድርጌ፣ ወረቀቱ አለመዘቅዘቁን አረጋግጬ አነበብኩ፤ በገዛ ሰፈሬ አሥራ ዘጠኝ ድምፅ! እስከ መግሪብ ድረስ ስልሳ የሚሆን ሰው ቤቴ መጥቶ "እኔ ላንቺ ነው የሰጠሁት" ብሎ ማለልኝ። ወዳጄ ከሁሉም ቀድማ ዓይኗን እየጠረገች ገባች። "እኔ፣ ባሌ፣ ለመምረጥ የደረሱት ሦስቱ ልጆቼ፣ አምስታችንም ላንቺ" አለች። እንግዲህ እሷ ካለች የከዳኝ የገዛ ቤተሰቤ ነው ማለት ነው! ሙሄዲንን ሁለት ቀን ሙሉ በጎሪጥ አየሁት። ምስኪን፣ "ወላሂ ጃንጥላው ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት" እያለ ድንቹን ይልጣል።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ ሳልሾም ተሻርኩ፤ ቁጭቴ እንኳ ወግ የለውም።

ሰውዬውማ አሸነፈ፤ ባሕር ዳር ሄደና ስልኩን ቀየረ። ወዳጄ ደውላ ደውላ ሲቸግራት እኔን "ቁጥሩን ታውቂው ይሆን?" አለችኝ። እኔን! አዘንኩላት። አባት እንዲህ ነው፤ ልጅ ሲበዛበት የትኛዋን ያስታውስ?

አይሱዙው መጣ መሰለኝ። ውሰጂ፣ ሁሉንም ውሰጂ፤ ኪራይም አልፈልግም። ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ድምፄን እሰጣታለሁ፣ እውነቴን ነው። "ሁለት ቃል ተናገሪልኝ" ያለችውንም እሺ፤ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቤ የማውቀውን ሁሉ እናገርላታለሁ። የማውቀውን ብቻ… ሳልጨምር። ሊቀመንበርነቱም ይገባታል፤ ወንበር አያያዝ ታውቅበታለች።

ምነው ፊትሽ ቀላ? ስለ ወዳጄ እኮ ነው ያጫወትኩሽ፤ አክስትሽ ሌላ ናት።

ነይ ሳሚኝ። እጅሽንም ዘርጊ፣ ዱአ ላድርግላት። ያ ረቢ፣ ለዚች እህቴ ዕድሜና ጤና ስጣት። ደጇን በሰው ሙላላት። ከክፉ ጠላት ጠብቅልኝ። በምርጫዋም ቀን በጭንቋም ቀን፣ ለኔ ያደልከኝን ዓይነት ወዳጅ፣ አንድም ሳታጎድል ለእሷም አድላት… አሚን በይ እንጂ ዊዳድዬ።