ቁልፏን አትንኳት

ሳር ቤት አካባቢ ያለ የሶፍትዌር ድርጅት፣ አራተኛ ፎቅ፤ የአዲስ ገቢዎች ስልጠና ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ፕሮግራመሯ ትርሲት ግራ እጇን በፋሻ ታስራ፣ ሰባት ዓመት ያስተማሯት የጋሽ መርዕድ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።

መርዕድ፦ ምንም አልጠየቅኩሽም እኮ! ገብተሽ "ጋሽ መርዕድ ይባላሉ፤ ኢማክስ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" በያቸውና ውጪ። በየዓመቱ የምትይው አይደል?

ትርሲት፦ በየዓመቱ የምለው ሳላውቅ ነበር። ዘንድሮ አላስተዋውቅም።

መርዕድ፦ ስምንት ልጆች ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው። ማውስ ከእጃቸው ከወጣ ኮድ መጻፍ የሚጠፋቸው ልጆች። ኤዲተር ማለት ጽሑፍ መጻፊያ ብቻ መስሏቸዋል። ሰው በልኩ ሰፍቶ የሚለብሰው መሆኑን ካንቺ አፍ ቢሰሙት ነው የሚሻለው።

ትርሲት፦ በማን ልክ ጋሽ መርዕድ? የእርስዎ በልክዎ ተሰፍቷል። እኔን ያለበሱኝ ማቅ ነው።

መርዕድ፦ እጅሽን ሲያምሽ ሁሉ ነገር ያስመርርሻል። ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አለ?

ትርሲት፦ ሦስት ወር ኪቦርድ እንዳልነካ። የትንሿ ጣቴ ጅማት ተቆጥቷል። "ምን ስትሠሪበት ነው?" አለኝ፤ "ኮንትሮል የምትባለዋን ቁልፍ ስጫን" አልኩት። "ምኑን ነው የምትቆጣጠሪው?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

መርዕድ፦ ሃ! ጥሩ ሐኪም ነው፤ ቀልድ ያውቃል።

ትርሲት፦ ቀልዱን ለእኛ አለቃ ይንገራት። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የሆስፒታል ካርድ ሥርዓት ጠዋት ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች። "እጅሽ እስኪድን" ብላ። ሥራው እኔን ሦስት ወር ይጠብቃል?

መርዕድ፦ ያማል። አውቃለሁ፣ ያማል። ግን የዚህ ጥፋት የኔ ነው?

ትርሲት፦ ትናንት እርስዎ ምሳ እንደወጡ ሰርቨሩ ቆመ። ማስነሻው ያለው እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩ።

መርዕድ፦ ደግ አደረግሽ። እና?

ትርሲት፦ እጄ ታስሮ እየተንደፋደፍኩ ካፕስ ሎኳን ነካኋት። ከ"ኤ" አጠገብ የተጋደመችውን፣ ማንም ጉዳዬ የማይላትን። እሷን ሳልለቅ ሌላ ፊደል ጫንኩ። ትልቅ ፊደል ይወጣል ስል መስመሩ ሙልጭ ብሎ ጠፋ።

መርዕድ፦ ኪቦርዱ አርጅቷል። አንዳንዴ ይቃዣል።

ትርሲት፦ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው። እርስዎ ካፕስ ሎክን ኮንትሮል አድርገዋታል። ትንሿ ጣትዎ ከተኛችበት ሳትነሳ ትሠራለች። የኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሺህ ጊዜ፣ ኮንትሮልን ፍለጋ ታች ጥግ ድረስ ስትወጠር ኖረች።

መርዕድ፦ ኧረ እሷን በቅርቡ ነው የቀየርኳት። ዕድሜም መጣ፣ ጣትም ደከመ። እስቲ ልሞክር ብዬ እንጂ...

ትርሲት፦ በቅርቡ ሲሉ?

መርዕድ፦ ቢበዛ ዓመት ቢሆናት ነው።

ትርሲት፦ "ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም" ነበር የሚባለው። የእርስዎ መጽሐፍ ግን አፍ አለው።

መርዕድ፦ ቅንብር ፋይሌን ከፈትሽው?

ትርሲት፦ ኤዲተሩ ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ሌላ የት ልይ? እርስዎ ያዘዙት ሁሉ የተጻፈው እዚያ ነው። "ፋይሌን ማሳየት ልቤን ማሳየት ነው" ብለው ሰባት ዓመት ደበቁኝ። ለካ ልብዎም እንደዚያው ነው! አሥራ አንደኛው መስመር ላይ፣ በአማርኛ፦ "መስከረም 1998። ትንሿ ጣቴ ስላስቸገረችኝ ኮንትሮልን ወደ ካፕስ ሎክ አዛወርኩ። እፎይ።" እፎይ ብለው ጽፈዋል ጋሽ መርዕድ! እንባዬ የመጣው ቀኑን ሳይ አልነበረም፤ ያቺን እፎይ ሳነብ ነው።

መርዕድ፦ ትርሲት...

ትርሲት፦ እኔ እዚህ የመጣሁት በ2010 ነው። በመጣሁ በሳምንቴ ምን ብዬ ጠየቅኩዎት?

መርዕድ፦ በሰባት ዓመት ስንት ነገር ጠይቀሽኛል። በየት አስታውሼ?

ትርሲት፦ ያስታውሳሉ። "ጋሼ፣ ይቺን ቁልፍ ወደ ላይ ባመጣት አይቀለኝም?" አልኩ። እርስዎስ?

መርዕድ፦ "ቁልፏን አትንኳት" አልኩ።

ትርሲት፦ ይጨርሱታ።

መርዕድ፦ "ዳዊት ሳይደግም ቅኔ የሚዘርፍ የለም። እኔ ሃያ ዓመት የሠራሁት በዚህችው ጣት ነው።"

ትርሲት፦ በዚህችው ጣት! ብድግ አድርገው አሳይተውኛል እኮ። እኔ ሞኟ ደግሞ በጣትዎ ቀናሁ። ሲያመኝ "ሰነፍ ነኝ" እያልኩ ራሴን ሰደብኩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ፤ አጠገብዎ ተቀምጬ፣ እርስዎ እፎይ እያሉ።

መርዕድ፦ ስሚኝ። ከጥንትም እንዲህ አልነበርኩም። መጀመሪያ ያስተማርኳቸውን ልጆች "ያሻችሁን ቀይሩ" አልኳቸው። ቀለሙን ቀየሩ፣ ቁልፉን ቀየሩ፣ የፊደሉን ቅርጽ ቀየሩ፤ አንድ መስመር ኮድ የጻፈ ግን አልነበረም። ቤት ሳይሠሩ መጋረጃ የሚመርጡ! በወሩ ሁሉም ትተውት ሄዱ። ከዚያ ነው ደንብ ያወጣሁት፦ መጀመሪያ እንዳለ ይማሩት፣ ከዚያ ያሻሽሉት።

ትርሲት፦ በደንቡ አልተጣላሁም። ሦስት ወር ቢሉኝ እሺ፣ ዓመት ቢሉኝም እሺ። ያቺ "ከዚያ" የሚሏት ቀን ግን መቼ ነው የምትመጣው?

መርዕድ፦ ሲበቃሽ ራስሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ...

ትርሲት፦ አምና ጠየቅኩ እኮ! ጣቴ መደንዘዝ ጀመረች አልኩዎት። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊያት አሉኝ። በጨው።

መርዕድ፦ ጨው መቼም ጥሩ ነው።

ትርሲት፦ ጋሽ መርዕድ!

መርዕድ፦ እሺ። ልክ ነሽ። ላም እሳት ወለደች ሆነብኝ፤ እንዳልልሰው ፈጀኝ፣ እንዳልተወው ልጅ ሆነብኝ። አንዴ "በዚህችው ጣት" ብዬ ጣቴን ካነሳሁ በኋላ በምን አፌ ልመለስ? አንቺም ላገኘሽው ሰው ሁሉ "የኛ ጋሼ ብረት ናቸው" ትያለሽ። ሰዉም ያየኛል። ደስ ይለኝ ነበር። በቃ፣ እውነቱ ይኸው ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ትርሲት፦ ለዚያች ደስታ ነው ጣቴ የሄደችው።

መርዕድ፦ እንዲህ አትበይ። አንቺን ለመጉዳት ብዬ አስቤው አላውቅም። በልጄ እምላለሁ።

ትርሲት፦ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እሱም ለመጉዳት አስቦ አይደለም። የወደቀው ሰው ግን ያው ወድቋል።

መርዕድ፦ ምን ላድርግልሽ? ይኸው፣ ፋይሉን ውሰጂው። ሙሉውን። አራት ሺህ መስመር ነው፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልፋቴ። ማንም አይቶት አያውቅም። ስትመኚው አልነበር? አሁኑኑ በፍላሽ እገለብጥልሻለሁ።

ትርሲት፦ ስመኘው የነበረው ሳምንዎት ነው። አሁን ባነበው በየመስመሩ "ይሄንንስ ለምን ደበቁኝ?" እያልኩ ነው። ይቅርብኝ።

መርዕድ፦ እንግዲያው ዛሬን ብቻ። ዛሬን አስተዋውቂኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀስ ብዬ ነገሩን አነሳዋለሁ፤ "ቁልፏን ማዛወርም ይቻላል" እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ገብቼ "ስዋሽ ኖሬያለሁ" ብል ማን ይሰማኛል?

ትርሲት፦ እኔን የዋሹኝ እኮ በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

መርዕድ፦ ለማን ነገርሽ? እስቲ ንገሪኝ። ለአለቃችን?

ትርሲት፦ ለእሷ ምን ብዬ እነግራታለሁ። ለተማሪዎቼ ነው የነገርኩት።

መርዕድ፦ የምን ተማሪዎች?

ትርሲት፦ አዳማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢማክስ የማስተምራቸው። ሦስት ናቸው። ድንገት ላስደስትዎ ብዬ ነበር ያልነገርኩዎት። ሲጨርሱ ይዣቸው መጥቼ "ጋሼ፣ የልጅ ልጆችዎ" ልልዎት ነበር።

መርዕድ፦ ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻቸው?

ትርሲት፦ ምን እላለሁ? "ቁልፏን አትንኳት"! ድምፄን እንደ እርስዎ አወፍሬ፣ ጣቴን ብድግ አድርጌ። በፋሲካ ሰሞን ሐያት የምትባለዋ "ጣቴን አመመኝ፣ ቁልፏን ላዛውራት?" ስትለኝ ሙቅ ውሃ አዘዝኩላት። በጨው።

መርዕድ፦ ወይ እኔ!

ትርሲት፦ ትናንት ከወንበርዎ እንደተነሳሁ ደወልኩላቸው። "አዛውሯት፣ ዛሬውኑ። አሳስቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ" አልኳቸው። ኢዮኤልና ሰናይት ሳቁና አለፉኝ። ሐያት አልሳቀችም።

መርዕድ፦ ሰደበችሽ?

ትርሲት፦ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ለመሆኑ አንቺን ማን ነው ያስተማረሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

መርዕድ፦ ነገርሻት እንዴ?

ትርሲት፦ ሰባት ዓመት ሰው እስኪሰለቸው ስምዎን ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትናንት ግን አፍሬብዎት "ማንም አላስተማረኝም" አልኳት።