የጎማው ዓመተ ምሕረት

ጥር 2008 ዓ.ም. ነበር። በተቃውሞው ግርግር ተዘግቶ የቆየው ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ የሚወስደው መንገድ ከተከፈተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንጋዩ ተነሥቷል፤ የተቃጠሉት ጎማዎች ሽቦ ግን አስፋልቱ ላይ እዚህም እዚያም ተበትኖ ቀርቷል።

በነገው የለቅሶ ጉዞ ቦታ እንዲይዙልኝ ልጠይቃቸው ስሄድ ኦቦ ደቻሳን ሐሰን ጎማ ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ኦቦ ደቻሳ ሠላሳ ዓመት የነዱ፣ አደጋ አድርሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሚኒባሳቸው በክሪክ ተነሥቶ፣ አጠገቡ ከአንድ ነጋዴ የገዟቸው ሁለት አዳዲስ ጎማዎች ተቀምጠዋል። ሱቁን የምትመራው የሐሰን ልጅ ጠይባ ናት፤ ሙያውን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራለች።

«አካም ቡልተን ኦቦ?» ብላ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀች።

«ነጋዳ፣ ልጄ። እነዚህን ከፊት እሰሪልኝ። ነገ በጠዋት አሥራ ሁለት ሰው ይዤ ጫንጮ እሄዳለሁ። ወንድሜ ሚልኬሳ ልጁን በዚያ ግርግር ከቀበረ ሃያ ቀን ሆነው። መንገዱ ተዘግቶ ከእኛ አንድ ሰው ደጁን አልረገጠለትም።»

ጠይባ የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠርጋ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን ጎማ አላስርም።»

«ለምን? ጥርሱን እይው። ገና ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም።»

«ጥርሱ ደህና ነው። ያለፈው ዕድሜው ነው።»

«እኔም እኮ ማንበብ እችላለሁ። ከነጋዴው ጋር አብረን አይተነዋል። ይኸው፦ 0408። አራተኛው ወር ታኅሣሥ፣ ሁለት ሺህ ስምንት። ባለፈው ወር የተሠራ ነው። ዳቦ ቤት ሄደሽ ከዚህ የተሻለ ትኩስ አታገኚም።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ልክ ናቸው ብዬ ነበር።

«ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ኦቦ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንት እንጂ ወር አይደሉም። የ2008 አራተኛ ሳምንት፣ በእኛ ጥር 2000 ማለት ነው። ስምንት ዓመት የሆነው ጎማ ነው።»

«አሃ፣ ገባኝ። የአባትሽን ጎማ ልትሸጪልኝ ነው። የሐሰን ልጅ ከሐሰን ብሳ ተገኘች!»

«መደርደሪያውን ይዩት፤ ባዶ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አንድም አልገባልንም።»

ሳቁ። «ይሁን። ግን ጎማ እህል አይደል ነቀዝ አይበላው። ሳይነዳ በምን ያረጃል?»

«የላስቲክ ጫማ ስምንት ዓመት ቆጥ ላይ ተቀምጦ ቢያደርጉት ምን ይሆናል?» ብላ የጎማውን ጎን በሁለት አውራ ጣቷ ተጫነችው። ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፈተ።

ኦቦ ደቻሳ ስንጥቁን አዩ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። «ስንጥቁ ተጭኖ ሲመጣ የተፈጠረ ይሆናል። ቁጥሩ የእኛው ነው።»

ጠይባ ከመኪናው ያወረደችውን ያለቀ ጎማ አንከባልላ አመጣች። «ይህን መቼ ገዙት?»

«መስከረም 2004። ከዚሁ ከአባትሽ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉ። «አሥራ አምስት... አሥራ አንድ።»

«አሥራ አምስተኛው ወር ማን ይባላል? ጳጉሜንም ተጨምራ ያለን አሥራ ሦስት ነው። 2011 ደግሞ ገና አልመጣም። ያልተሠራ ጎማ ነው አራት ዓመት የነዱት?»

ሽማግሌው ቁጢጥ እንዳሉ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። የፈረንጁ ዓመት ከሚጀምርበት ከጥር አካባቢ ተነሥተው አሥራ አምስት ሳምንት ሄዱ። «ሚያዝያ 2003... ከዚያ መስከረም ገዛሁት። ይገጥማል» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ያ ነጋዴ አታሎኛል?»

«እሱም እንደ እርስዎ አንብቦት ይሆናል።»

«እንግዲህ ነገ ልቅር? ሚልኬሳ እኮ በር በሩን እያየ ነው።»

«መሄድማ ይሄዳሉ። በዚህ ግን አይደለም። አሥራ ሁለት ሰው ጭነው በዚያ ሽቦ ላይ የፊቱ ቢፈነዳ መሪው ከእጅዎ ይወጣል። የጎረቤታችን የጌታቸው ሚኒባስ ሞተሩ ወርዶ ቆሟል፤ ጎማዎቹን ቢለምኑት አይከለክልዎትም።»

ለኦቦ ደቻሳ ጎማ መለመን ቀላል አልነበረም። ቆባቸውን አስተካክለው ግን ሄዱ። ጎማዎቹ ሲመጡም ጠይባን ቀድመው ጎንበስ አሉ። «2214። ሃያ ሁለተኛው ሳምንት፣ ግንቦት 2006። እሰሪው።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተን በሰላም ደረስን። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ረጅም ጊዜ አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ደቻሳ ከድንኳኑ ወጥተው ሜዳው ላይ ወደቆሙት መኪኖች ሄዱ። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየተንበረከኩ አነበቡ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ኋላ ከበቧቸው። እሳቸውም ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገረውን አራት አሃዝ አሳዩአቸው፤ ከፈረንጁ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ እንዳለበት፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ሊሞት እንደሚችል፣ ይህን ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ተሳፋሪውንም እንደሚያድን አስረዱ።

አንዱ ወጣት፣ «ኦቦ፣ በለቅሶ ቀን ይህ ምን ያስቸኩላል?» አላቸው።

«ሁላችሁም ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ትነዳላችሁ» አሉት። «በዚህ ሰሞን ልጆቻችንን የቀበርነው ይበቃናል። የአንተ የቱ ነው? ባትሪ አብራልኝ፤ ቁጥሩ በውጭ ከሌለ የውስጥ ጎኑን ላንብበው።»