የደፈረሰው ጠርሙስ

(ሰኞ ረፋድ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፤ ለጡረታ የተቃረቡት መምህር ሽመክት እና የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የዛሬ ባልደረባቸው ትርሲት፣ በማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶግራፍ መካከላቸው አስቀምጠው።)

ሽመክት፦ አልሞክረውም አልኩሽ። ሌላ ሰው ፈልጊ።

ትርሲት፦ ጋሽ ሽመክት፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል? ግኝቴን የላክሁለት መጽሔት እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ሙከራውን በገዛ እጁ ደግሞ ካላየው አላትምም ብሏል።

ሽመክት፦ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ስለፋበት መጽሔቱ የት ነበር?

ትርሲት፦ የጽሑፌን ረቂቅ ከሰጠሁዎት ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ፎቶውን እንኳ በቅጡ አላዩልኝም።

ሽመክት፦ አይቼዋለሁ። ቱቦ ነው። ከፀጉር ሺህ ጊዜ የቀጠነ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ቱቦ። ዓይኔ ገና አልፈዘዘም።

ትርሲት፦ ታዲያ ምን ያስኮርፋል?

ሽመክት፦ ማን አኮረፈ? ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ ሲባል እሰማ ነበር። ቀንዱን ያሳደግሁት እኔው መሆኔ ነው የከነከነኝ።

ትርሲት፦ እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም። ቱቦ የሚሆኑትን ሞለኪዩሎች በአልኮል አሟሟሁ፣ ውሃ ጨመርኩበት፣ ለእህቴ ሠርግ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አራት ቀን ማንም ሳይነካው ተቀመጠ።

ሽመክት፦ ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። እኔ ሳሞቅ፣ ሳማስል፣ ስንጥ ጠጉሬ ሸበተ፤ አንቺ እስክስታ ስትወርጂ እነሱ ራሳቸው ተሰልፈው ጠበቁሽ።

ትርሲት፦ ጠባያቸው ነው። አናታቸው ውሃ ይወዳል፣ ጭራቸው ይሸሻል። ጭራቸውን ከውሃ ለመሸሸግ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ከዚያ እንደ ሰሌን ይጠቀለላሉ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሽመክት፦ ማስተማሩንማ አስተማርኩ። ትዕግሥቱን ለራሴ ሳላስቀር ሰጥቼሽ ኖሯል።

ትርሲት፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉን ነበር፣ ክፍል ውስጥ።

ሽመክት፦ እኔ መልቀሙም አልደረሰኝ። ካቻምና አንድ ጠርሙስ ረስቼ ሰነበትኩና ደፍርሶ አገኘሁት፤ እንደ አጓት። ተበላሸ ብዬ ደፋሁት።

ትርሲት፦ ደፍርሶ ነው ያሉት?

ሽመክት፦ የአንቺስ?

ትርሲት፦ የእኔም ደፍርሶ ነው የጠበቀኝ። ውሃውን የሚያደፈርሱት ቱቦዎቹ ናቸው።

ሽመክት፦ አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ። ሳይደፈርስ አይጠራም እያልኩ ስንቱን ስመክር የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ሲደፈርስ ፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ለቀቅሁት።

ትርሲት፦ ስምዎን ከስሜ ጎን ልጻፈው?

ሽመክት፦ ምጽዋት አልለመንኩሽም።

ትርሲት፦ እሺ፣ ስሙ ይቅር። ምስክርነቱን ይስጡኝ።

ሽመክት፦ ለምን እኔ? ይህን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሆዴ እንደሚቃጠል ታውቂያለሽ። ሞከርኩት፣ አልሆነም ብዬ ብጽፍስ?

ትርሲት፦ ወዳጅማ ባያይም አየሁ ይላል። የሚቀናብኝ ሰው አየሁ ያለ ዕለት ነው ማንም የማይጠራጠረኝ።

ሽመክት፦ ቅናቴንም ሥራ ልትሰጪው ነዋ።

ትርሲት፦ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?

ሽመክት፦ ምንም። ወረቀት አውጪና ጻፊ።

ትርሲት፦ ምን ብዬ?

ሽመክት፦ ሽመክት በዚህ ሁለት ሳምንት፣ በር ዘግቶ፣ ሦስት ጊዜ ሞከረው በይ። ሦስቱንም ጊዜ እንዳይሆን ተመኘ። ሦስቱንም ጊዜ ሆነ።