ሲያነሳማ ማን ይችለዋል

«ነይ፣ አረፍ በይ። ዛሬስ ሙቀቱ ለጉድ ነው... ካሜራ ልትገዢ ነው አሉ? እሰይ። ባለሙያውን ልትጠይቂ መጥተሽ ነው መቼም፤ እሱ ሥራ ይዟል፣ እኔ ልንገርሽ።»

ታላቅ እህት ይህን ያለችው ለጎረቤት ልጅ ነው። ፎቶ አንሺው ወንድሟ ሶፋው ጥግ አቀርቅሮ ሌንሱን ይወለውላል። እናታቸው አልጋ ከያዘች ወዲህ ዛሬ ገና መምጣቱ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አንድ ፎቶ አነሳትና ተመለሰ። ማታ ሊሄድ ነው። እህቲቱ እናቷን ብቻዋን ስታገላብጥ ወገቧ ተቆርጧል፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ቢያግዛት ትፈልጋለች፣ ፊት ለፊት መለመን ግን ሞቷ ነው።

«ለጀማሪ ውድ አያስፈልግም። አብሮት የሚመጣው ትንሹ ሌንስ ይበቃል፤ የቅርቡን ያያል። መቼም ሰው እንደ ፍላጎቱ ነው... የሩቁን ለሚወድ ደግሞ ረጅሙ አለለት። አንድ የማውቀው ሰው አለው፤ ከተራራ ማዶ የወፍ ላባ ቆጥሮ ይነግርሻል። አጠገቡ ያለውንማ እንዴት አድርጎ ይየው? ጥፋቱ የሌንሱ ነው እኮ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ዙም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ጀርባ የሚያደበዝዝም አለልሽ። ከፊት ያለው ጥርት ይላል፣ ከኋላ ያለው እልም። ማን አሳደገሽ፣ ማን አስተማረሽ... ምንም አይታይም። ሲያምር!

ያ ሰውዬ ደግሞ ሲያነሳማ ማን ይችለዋል? ሙሽራ ያነሳል፣ ባለሥልጣን ያነሳል። ስልክ ብቻ ነው የማያነሳው፤ ካሜራ በያዘ እጁ በምኑ ያንሳ? የወደቀ ሰው ማንሳትማ... እሱ ለእኛ ለሥራ ፈቶቹ የተተወ ነው።»

ከውስጥ እናትየው «ልጄ መጣ እንዴ?» ስትል ተሰማ። በር ላይ ቆሞ ሲያነሳት ተኝታ ነበር። ወንድምየው ሌንሱን መወልወሉን ቀጠለ።

«ፍላሽም እንዳትረሺ። ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ቤቱ ግን ለአፍታ የበራ ይመስላል።»

ወንድምየው ሌንሱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋ። እህቲቱ አየችው። ድምጿንም አለዘበች።

«ለዚያ ለነገርኩሽ ሰው እንኳ ክፉ አልመኝለትም፣ ምን በወጣው። ዕድሜ ይስጠው፤ እናቱ የደረሰችበት ያድርሰው። ልጅም ይስጠው... መልኩም ጠባዩም ቁርጥ እሱን የሆነ ልጅ፣ በስተርጅናው የሚጦረው።»