ማጉ የማን ነው?

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከዳባት ወደ ደባርቅ በአውቶቡስ ስሄድ አንዲት እናት ከፊቴ ተቀምጠው፣ ጠዋት ከሸማኔዎች ማኅበር የተረከቡትን ጋቢ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከጎናቸው ያለውን ሸማኔ ይሞግቱታል።

“ይህ የኔ አይደለም ልጄ።”

“የእርስዎ ነው እናቴ። እኔው ነኝ የሸመንሁት።”

“ድሩ የፋብሪካ ክር ይሁን፣ ማጉ ግን የልጄ ፈትል ይሁን ብዬ አልነበር የሰጠሁህ? ነፍሷን ይማርና እሷው የፈተለችው ነው። ገና ለማጅ ስለነበረች ክሯ ወፈርም ቀጠንም ይላል። ይህ ግን አንድ ወጥ ነው።”

“በማኅበር ከተደራጀን ወዲህ እኮ የሁሉም ፈትል ተመዝኖ አንድ ላይ ይቀላቀላል። ጋቢ የሚሰጠው በሚዛኑ ልክ ነው።”

“ሳትነግሩኝ?”

“ምን ከፋዎት? እንዲያውም የተሻለ ደረሰዎት!”

“የተሻለ ስጠኝ ማን አለህ? የልጄ ፈትል የት ገባ?”

“እንጃ። በየጋቢው ትንሽ ትንሽ ይኖራል።”

“ታዲያ ማን ለበሳት?”

“ጃናሞራ የሄደ ጋቢ አለ፤ ወታደር የገዛውም አለ። እኔ በምን ልወቅ?”

“እዚህ ውስጥስ አለች?”

ሸማኔው ጋቢውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

“ልትኖር ትችላለች።”

“የቷ ናት? እስቲ አሳየኝ።”

“ኧረ እናቴ፣ እኔንም ግራ አጋቡኝ።”

“እኔስ ልልበሰው ወይስ ልመልሰው?”

“መልሰው የማንን ይወስዳሉ?”

እኔም ከዚያው ማኅበር ገዝቼ የለበስሁትን ጋቢ ጫፉን ይዤ፣ ደባርቅ እስክንገባ ድረስ በጣቴ ስዳስሰው ሄድሁ።