የሃድሊን ዘጠነኛ ድምፅ

ነብራስካ ውስጥ፣ ዘጠኝ መራጭ ብቻ የቀሩባት ሃድሊን የምትባል የገጠር ከተማ "ትፍረስ ወይስ ትቀጥል" ብላ ድምፅ በምትሰጥበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሺመቤትና ባሏ አስናቀ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ባቆሙት መኪናቸው ውስጥ ይጨቃጨቃሉ።

የሺመቤት፦ አትለማመጠኝ አልኩህ! እገባለሁ፣ "ትፍረስ" እላለሁ፣ እወጣለሁ፣ ወደ ቤቴ ትመልሰኛለህ። አለቀ!

አስናቀ፦ የሺዬ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ቆይ። አራቱ "ትፍረስ" ብለዋል፣ አራታችን "ትቀጥል" ብለናል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

የሺመቤት፦ ድምፁ በምስጢር ነው አላላችሁም?

አስናቀ፦ ዘጠኝ ሰው ባለበት ከተማ ምን ምስጢር አለ! ማን ምን በልቶ እንዳደረ እናውቅ የለም እንዴ?

የሺመቤት፦ እንግዲያው የእኔንም እወቁት። ስሟ ከካርታ ይፋቅ፣ ያ የበቆሎ ጎተራም ይነቀል። አውራጃው ከተማዋን ሲረከብ መጀመሪያ የሚያፈርሰው እሱን ነው ተብሏል። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አስናቀ፦ ጎተራው እኮ ባዶ ቆርቆሮ ነው።

የሺመቤት፦ ልጄን ትርሲትን የበላ ቆርቆሮ ነው! ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ሲዘጋ ሥራ ብላ እዚያ ገብታ፣ በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ በቆሎ ውጧት ቀረ። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬን በከፈትኩ ቁጥር እሱን ነው የማየው። አንተ ምን አለብህ! ውሻ በበላበት ይጮኻል።

አስናቀ፦ እጮኻለሁ እንጂ! ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ አውጥታ ቤት የሰጠችን ማን ሆነችና? ያኔ ሦስት መቶ ሰው ነበራት። ትምህርት ቤት ነበራት፣ ባንክ ነበራት፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን...

የሺመቤት፦ ሁለቱም የማይነጋገሩ!

አስናቀ፦ ቢኮራረፉም ነበሩ።

የሺመቤት፦ ደግሞ ታሪክ ልትተርክልኝ ነው? እኔው ልንገርህ። ባቡር መጣ። የባቡሩ መሐንዲስ ከተማዋን በሚስቱ ስም ሃድሊን አላት። ሚስቲቱ ግን አንድ ቀን እንኳ እግሯን አላሳረፈችባትም። ብልህ ሴት! ከዚያ ባቡሩ ቀረ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጆቹም ነቅለው ሄዱ። አሁን የቀረን እኩለ ቀን ላይ ምሳ ደረሰ ብሎ የሚያናፋው ጡሩምባ ነው። ማንን ነው የሚጠራው? በላተኛ የለ!

አስናቀ፦ ዋልተር ይበላል። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንድ ምሳ አልፎት አያውቅም።

የሺመቤት፦ የሱን ስም አትጥራብኝ!

አስናቀ፦ ምን በደለሽ?

የሺመቤት፦ የጎተራው ኃላፊ ማን ነበርና! ሰዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ሰላምታ ሲሰጡህ እንኳ ከመኪና መሪ ላይ አንድ ጣት ብድግ ማድረግ ነው። እሷንም ቆጥበው! ሐዘኔ ላይ ማን አለቀሰልኝ? ድንች በአይብ ጋግረው በሬ ላይ አስቀምጠው ሮጡ።

አስናቀ፦ አመላቸው ነዋ። እዚህ አገር ሰው "ምንም አልል፣ ደህና ነኝ" ካለሽ ቶሎ ሐኪም ጥሪ። ዝም አይነቅዝም ይል የለም የኛስ ሰው?

የሺመቤት፦ የእነሱ ነቅዟል።

አስናቀ፦ ኧረ የሺ! ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆፈሩላት እኮ! ቆርቆሮውን በመጋዝ ቀደው፣ በአካፋ፣ በባልዲ፣ በእጃቸው። ሽማግሌው ሁሉ ጥፍሩ እስኪነቀል።

የሺመቤት፦ ያንንማ መቼ ካድኩ! ቆሜ አይቻለሁ። መርቄያቸዋለሁ። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ።

አስናቀ፦ ሦስተኛው ቀን ምን ሆነ?

የሺመቤት፦ አታውቅም? ከመቃብሯ ስመለስ የጭነት መኪናው ጎተራው በር ላይ ተሰልፏል። ያንን በቆሎ፣ ከልጄ አፍ ያወጡትን በቆሎ፣ እየጫኑ ወደ ገበያ! አፈሩ እስኪደርቅ እንኳ አልታገሱም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዳቸውንም ደጄን አላስረገጥኩም።

አስናቀ፦ ለዚህ ነው?

የሺመቤት፦ ለዚህ ነዋ! ለምን መስሎህ ነበር?

አስናቀ፦ ሐዘን ነው ብዬ... ሰው መልመድ አቃታት ብዬ... ወይኔ! ወይኔ አስናቀ!

የሺመቤት፦ ምን ሆንክ? ምን ያስለቅስሃል?

አስናቀ፦ አልሸጡትም።

የሺመቤት፦ ምኑን?

አስናቀ፦ በቆሎውን። አንዲት ፍሬ አልሸጡም። ከወንዙ ማዶ ያለው የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ ከተው አፈር መለሱበት። ጎተራ ሙሉውን። የመጨረሻውን መኪና የነዳሁት እኔ ነኝ።

የሺመቤት፦ ተው! ለዚች ድምፅ ብለህ በልጄ ስም አትዋሽ።

አስናቀ፦ የትርሲት አጥንት ይፋረደኝ! ዋልተር ገበሬዎቹን ሁሉ ሰበሰባቸው። የዓመት ልፋታቸው ነበር። "ይህን እህል መሸጥ የሚፈልግ አለ?" አለ። እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። በማግስቱ መጫን ጀመሩ።

የሺመቤት፦ ታዲያ... ጎተራውን የያዘው የገበሬዎቹ ማኅበር በዚያው ዓመት የፈረሰው...

አስናቀ፦ በዚያ ነዋ። ማኅበሩ ወደቀ፣ ገበሬው ሌላ ከተማ መሄድ ጀመረ፣ ሱቁም ተከትሎ ተዘጋ። ሃድሊንን የገደላት የባቡሩ መቅረት አይደለም፣ የሺ።

የሺመቤት፦ አስራ ሁለት ዓመት! አስራ ሁለት ዓመት አጠገቤ እየተኛህ!

አስናቀ፦ ዋልተር አስማለኝ። "እንዳትነግራት፣ ውለታ ይሆንባታል፣ ሐዘኗ ላይ ሸክም አንጨምርባት" አለኝ። አንቺም በቆሎ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ ብለሽ ነበር። ዝም ማለቱ ቀለለኝ። ኋላማ ቁጭ ብዬ የሰቀልኩትን ቆሜ ማውረድ አቃተኝ። አንቺስ ብትሆኚ፣ መኪናውን አየሁ ብለሽ አንድ ቀን ብትናገሪ ምን ነበረበት?

የሺመቤት፦ እንዴት ብዬ ከአፌ ላውጣው? እንዴት ብዬ?

አስናቀ፦ እነሱን ሆነን ቀረን።

የሺመቤት፦ የዋልተር ሚስት ስትሞት ቀብሯ አልሄድኩም።

አስናቀ፦ አውቃለሁ።

የሺመቤት፦ በማግስቱ መንገድ ላይ ኮፍያውን አነሳልኝ። ፊቴን አዞርኩበት። ሚስቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ላይ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግከኝ!

አስናቀ፦ ይቅር በይኝ፣ የሺዬ።

የሺመቤት፦ ያንተን ነገር ቤት ስንገባ እንነጋገራለን። እሱ ምን ብሎ መረጠ?

አስናቀ፦ ዋልተር? "ትፍረስ" ነው ያለው።

የሺመቤት፦ ምን? ተወልዶ ያረጀባትን?

አስናቀ፦ እኔም ደንግጬ ጠየቅኩት። "ያቺ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ጎተራ እያየች መኖር የለባትም" አለኝ።

የሺመቤት፦ እንዲህ አለ?

አስናቀ፦ እንዲህ አለ። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

የሺመቤት፦ ወይ አምላኬ! ወይ አምላኬ!

አስናቀ፦ በሩ ሊዘጋ ነው፣ የሺ። እንግዲህ አልጫንሽም። የልብሽን አድርጊ፣ "ትፍረስ" ብትዪም አልቀየምሽም።

የሺመቤት፦ ዝም በል፣ ክንድህን ስጠኝና ልውረድ። ለልጄ ብሎ የደኸየ አገር በእኔ እጅ አይቀበርም።