በጋ ያላየችው የቶንካ ጀልባ

ወዳጆች፣ የደረቀውን ሥጋ፣ ፕርሹቱን፣ እያላመጣችሁም ቢሆን ስሙኝ። ሮኮ ነኝ፣ ቀለም ቀቢው፤ እዚህ ቤቲና ከተማ፣ ጀልባ መጠገኛ ግቢ ውስጥ ከሞተር ጠጋኟ ከእትዬ ቶንካ ጋር ያረጀሁት። "ጮክ በል" ትለኛለች ደግሞ! ጆሮሽን ሞተር በላው እንጂ የኔ ድምፅ ምን ሆነ?

መጀመሪያ የመጣችበት ቀን ትዝ ይላችኋል? "ሥራ ፈልጌ ነው" ስትለው አለቃችን ሉካ ቀና ሳይል "ጽዳት በዚያ በኩል ነው" አላት። እሷም መፍቻ አነሣችና በቀጥታ የራሱን የሉካን ጀልባ ሞተር ፈታች።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ ሴትዮ?"

"ጽዳት አልከኝ፤ ከዚህ የቆሸሸ አላገኘሁም።"

ከሞተሩ የወጣው የጨው ውሃ እንደ ሻይ ቀልቶ ነበር። ሉካ በማግስቱ ቱታ ገዛላት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ያው ነው። ሞተሩን ጨው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ታጥባለች። ዘይቱን ገና ትኩስ እያለ ትቀይራለች፣ ነዳጁን እስከ አፉ ትሞላለች፣ ውስጡ እንዳይዝግ በአየር መሳቢያው ዘይት ትነፋበታለች። መጨረሻ ላይ የጭስ ማውጫውን በጨርቅ ትወትፍና መታ መታ አድርጋ "በል ተኛ" ትለዋለች። ለባሏ እንኳ እንደዚያ ለስለስ ብላ አታውቅም። ጋሼ ሺሜ፣ ዋሸሁ? ይኸው፣ ሳቀ!

ቄሳችን ዶን ክርስቶ፣ ይቅርታ አባ፣ የእርስዎን ሳላወራ አልቀመጥም። አባ ክረምቱን በሙሉ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ መጥተው የጀልባቸውን ሞተር ትንሽ አስነሥተው ያጠፉ ነበር። ቶንካ ደረሰችባቸው።

"አባ፣ ሳይሞቅ ሲያጠፉት ውስጡ ያልበዋል፤ የሚያዝገው ያ ላብ ነው!"

"ልጄ፣ እንዳይበርደው ብዬ እኮ ነው።"

"እንግዲያው ይጸልዩለት፤ ቁልፉን ግን አይንኩ!"

በሚቀጥለው እሑድ ደግመው መጡ። ቶንካ ባትሪውን ነቅላ ወስዳ አልጋዋ ሥር ደበቀችው። አባ እስከ ፋሲካ አኮረፏት። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ሲነሣ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሊያስደውሉ ምንም አልቀራቸውም።

በሉ፣ ሳቁ ይብቃ። የሚቆጨኝን ልናገር።

ቶንካና ሺሜ ከአባቱ የወረሷት ትንሽ ጀልባ አለቻቸው። ምኞታቸው ኮርናት ደሴት ሄደው አንድ ሌሊት ማደር ነበር፤ ሌላ ምንም። በየበጋው ጋሼ ሺሜ እዚህ በር ላይ ይቆምና "ነገ እንሂድ?" ይላታል። "ይቺን የእንግዳ ሞተር ልጨርስና" ትለዋለች። እሷ ጨረስኩ ስትል አንዱ ባሕር መሃል ቆሞ "ቶንካ፣ ድረሺልኝ!" ብሎ ይደውላል። በጋው ያልፍና ጀልባዎቹ ለክረምት ከውሃ ይወጣሉ። የራሷን ሞተር የምታስተኛው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ውስጡ ዝገት የሚባል ነገር አያውቅም፤ መንገድም አያውቅም።

ከዚያ ጋሼ ሺሜን ስትሮክ መታው፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት።

ባለፈው ሳምንት የራሷን ሞተር ዘይት ስትነፋበት አጠገቧ ነበርኩ። ስትጨርስ "በል ተኛ" አላለችም። ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "ሮኮ፣ ለመቼ ነው የማስቀምጠው?" አለችኝ።

እትዬ ቶንካ፣ በዚህ ባሕር ዳር ብርዱ ሲያልፍ የሚነሣው ሞተር ሁሉ የእጅሽ ሥራ ነው። እግዜር ይስጥልን። የእኛ በጋ ያማረው ግን የአንቺ በጋ ተበልቶ ነው፤ ስንደውልልሽ ማናችንም ይህን አላሰብንም። ያለፈውን ልንመልስልሽ አንችልም፣ ያንገበግበናል።

ስለዚህ ሳናስፈቅድሽ ያደረግነውን ስሚ። ዛሬ ጠዋት ጀልባሽን ውሃ ላይ መልሰናታል። ተቀመጪ! አውቃለሁ፣ የነፋሽበት ዘይት አለ፣ ሲነሣ ያጨሳል። ያጭስ! ቡራው፣ ያ ቀዝቃዛው የሰሜን ነፋስ፣ ትናንት አልፏል፤ ነገ ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ኮርናት ትሄዳላችሁ። በጋ አይደለም፣ ብርድ ልብስ ያዙ። ጋሼ ሺሜን ተሸክመን የምናሳፍረው እኛ ነን፤ ሞተር ተበላሸብኝ ብሎ የሚደውል ካለ ደግሞ እኔ አለሁለት፣ ቀለም እቀባለታለሁ።

ብርጭቆ አንሡ! እትዬ ቶንካ፣ ሞተርሽ እየሠራ ያርጅ፤ ለሁለታችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ነገ ጋሼ ሺሜ መሪውን በቀኝ እጁ ይይዛል። ግራ እጁን አንቺ ያዢለት።

ለጤናችሁ!